ስትሮክ የትኛውን የአንጎል ክፍል ነካ?

በሜልቦርኑ ፉትስክሬይ ሰፈር ቡና እየተጠጣ የአንድ ጋሼ አፍ በድንገት ቢጣመም «ብርድ መትቷቸው ነው፣ ትንሽ ይረፉ» የሚል አይጠፋም። በነርቭ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝና ልለምናችሁ፤ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና አታስተኟቸው፣ 000 ደውሉ።

የአንጎል ግራ ጎን ቀኝ እጅና እግርን ያዛል፤ በአብዛኞቻችን ንግግርም ያለው እዚያው ነው። ደም ሲቋረጥበት ቀኝ እጅ ይዝላል፣ ስኒው ይወድቃል፣ አንደበት ይያዛል። ሕመምተኛው ቃሉ ጠፍቶት እንጂ አእምሮውን ስቶ አይደለም። ቀኝ ጎን ሲጎዳ ደግሞ ሕመምተኛው ግራ እጁን እስከ መዘንጋት ይደርሳል፤ «ደህና ነኝ» ቢል አትመኑት። የኋላው ክፍል ማየትን፣ ከሥሩ ያለው ትንሹ አንጎል ሚዛንን ይጠብቃል፤ ድንገት የሚንገዳገደውን ሰው «ጠጥቶ ነው» ብለን የምናልፈው እዚህ ላይ ነው። የአንጎል ግንድ መተንፈስንና ንቃትን ይዟል።

ሜልቦርን ውስጥ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሮያል ሜልቦርን ሆስፒታል የሚነሳ፣ ሲቲ ስካን የተገጠመለት አምቡላንስ አለ። ስትሮኩ የመጣው ደም ረግቶ ይሁን ፈስሶ ያለንበት ድረስ መጥቶ ይለያል። የረጋውን የሚያሟሟው መድኃኒት ደም ለሚፈስሰው አደጋ ነው። በተለምዶ የሚሰጠውም ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ሰዓቱን ያዙ። አስፕሪን አትስጡ፤ ውሃም ቢሆን፣ መዋጥ ሊያቅታቸው ይችላል።

000 ስትደውሉ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አምቡላንስ»፣ ቀጥሎ «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ ይፈለግላችኋል። ሆስፒታልም ስትደርሱ አስተርጓሚ ጠይቁ፦ ስትሮክ አንዳንዴ አንዱን ቋንቋ ከሌላው አብልጦ ይጎዳልና፣ በእንግሊዝኛ ዝም ያሉት በአማርኛ ሊመልሱ ይችላሉ።