«ልቀጥል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በማን ቋንቋ ይቅረብ?

ኮምፒዩተር ፋይል ሲሰርዝ፣ ፕሮግራም ሲጭን ወይም ሲነቅል አስቀድሞ የተጠቃሚውን ማረጋገጫ ይጠይቃል። ዓላማው ስሕተትን ማስቀረት ነው፤ የሚሳካው ግን ተጠያቂው ጥያቄውን ሲረዳ ብቻ ነው።

በሰቆጣ ከተማ የሚገኝ አንድ ተማሪ ሊኑክስ በስፓኝኛ የተጫነበት ኮምፒዩተር ገጠመው እንበል። ፕሮግራም ለመጫን ሲሞክር «ዴሴአ ኮንቲኑዋር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ «መቀጠል ይፈልጋሉ?» ማለት ነው። ከጎኑ በቅንፍ ውስጥ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታያሉ፤ ትልቁ «ኤስ» እና ትንሹ «ኤን»። በስፓኝኛ «ሲ» አዎ፣ «ኖ» አይደለም ማለት ስለሆነ ፊደላቱ የነዚህ ቃላት መነሻዎች ናቸው። አንደኛው በትልቁ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም፤ ተጠቃሚው ምንም ሳይጽፍ የኢንተርን ቁልፍ ቢጫን መልሱ «አዎ» ተብሎ እንደሚወሰድ ያመለክታል። ስለዚህ ጥያቄው ያልገባው ተማሪ ኢንተርን በመጫኑ ብቻ እንደፈቀደ ይቆጠራል። ፕሮግራሞች ሲነቀሉም የሚቀርበው ይኸው ጥያቄ ነው።

ኮምፒዩተሩ «አዎ» የሚባለው በየትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያውቀው የየቋንቋው ልማድ ከተመዘገበበት ፋይል ነው። ይህንኑ ዘዴ ወደ አማርኛ እናምጣ ብንል ግን ያልታሰበ እንቅፋት ይገጥመናል። «አዎ» እና «አይደለም» ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ። «እሺ» እና «እምቢ» እንበል ቢባልም ሁለቱም በ«እ» ይጀምራሉ። በአክብሮት «ይቀጥል» እና «ይቁም» ብንልም ከ«ይ» አናመልጥም! «ቀጥል» እና «አቁም» ይለያያሉ፤ ትሕትናው ግን ይቀንሳል።

ጥያቄው በአሉታ ሲቀርብ ችግሩ ይብሳል። «መቀጠል አይፈልጉም?» ለሚል ጥያቄ አማርኛ ተናጋሪ «አዎ» ቢል «ልክ ነው፣ አልፈልግም» ማለቱ ነው። ስፓኝኛ ተናጋሪ ግን ያንኑ ሐሳብ በ«ኖ» ይገልጻል። ከውጭ ቋንቋ ቃል በቃል የሚተረጉም ባለሙያ ይህን ካላስተዋለ መልሱ ይገለበጣል።

በዋግ ኽምራ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ ኽምጣና አለ። ይህ ቋንቋ ከብሊን፣ ከቅማንትኛና ከአዊኛ ጋር ከአገው ቋንቋዎች የሚመደብ ሲሆን፣ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለተካተተ በእኛ እምነት ዋናው ሥራ ፊደሉ ሳይሆን ትርጉሙ ነው።

በአዳዲስ የሊኑክስ ሥርዓቶች የብዙ ቋንቋዎች ፋይል 1ን እንደ «አዎ»፣ 0ን እንደ «አይደለም» ይቀበላል። ይህ የፊደሉን እንቅፋት ያስቀራል፤ ጥያቄውን ግን አይተረጉምም። ትርጉሙን የሚጀምር ሰው አንድም ቃል ሳይጽፍ በፊት፣ በኽምጣና የስምምነትና የእምቢታ ቃላት በምን ፊደል እንደሚጀምሩ፣ ለአሉታዊ ጥያቄም ምን ተብሎ እንደሚመለስ የሰቆጣን ተናጋሪዎች ቢጠይቅ ይበጃል።