እግሬ ነው ወይስ ልቤ?

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ለቅሶ ልደርስ ራቤል ሄጄ ነበር። ራቤል በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ ከተማ ናት፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። የጥር ማለዳ ብርድ በዚያ አገር እንዴት እንደሚቆርጥ የመንዝን ባና ተከናንቦ ያደረ ያውቀዋል። ከለቅሶው ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት በሁለት ክራንች ስወጣ ግማሹ ላይ ደረቴን የሚጫን ነገር ያዘኝ። ቆምኩ። በሁለት ሦስት ደቂቃ ለቀቀኝ። መንገዴን ስቀጥል ተመልሶ መጣ።

አብረውኝ ይወጡ የነበሩት አጎቴ «አይዞህ ልጄ፣ እግርህ ነው የደከመህ» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ግራ እግሬን ያሰነከለው በሦስት ዓመቴ የያዘኝ ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲደክመኝም እግሬ፣ ሲያመኝም እግሬ፣ ባረፍድም እግሬ ሲባል ኖሯል። ጥፋት ሁሉ የሚላከክበት አንድ ተከሳሽ ቤት ውስጥ ካለ ሌላ ተጠርጣሪ የሚፈልግ የለም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ስሙ ለጉዳዩ አይጠቅምም። ተኝቼ የተነሳሁት ኢሲጂ ደህና ሆነ። ቀጥሎ «የሩጫ ምርመራ» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱን የጻፈው ሐኪም ከወንበር ስነሳ አላየኝም፤ ክራንቾቼም ከበሩ ኋላ ተደግፈው ነበር። ማሽኑን የምታሠራው ባለሙያ ስታየኝ ደነገጠች። ደግ ልጅ ነበረች፤ «ጋሼ፣ እስቲ የቻሉትን ያህል ይሞክሩት» አለችኝ። የማሽኑን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ግራ እግሬን እየጎተትኩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላሁም። እጄ ዛለና አስቆምኳት። ውጤቱ ላይ «የልብ ደም እጥረት ምልክት አልታየም» ተብሎ ተጻፈ። እኔም «ልቤ ነጻ ወጣች» ብዬ ለቤተሰቤ አበሰርኩ።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ ወረቀት እንደ ሕግ ሰው ቁጭ ብዬ ሳነበው አፈርኩ። የሕግ ተማሪ ቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ማስረጃ አልተገኘም ማለትና ነገሩ አልተፈጸመም ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። በወረቀቱ ጥግ ላይ ከፍተኛው የልብ ምት 104 ይላል። ምስክሮቹ ሳይሰሙ የተዘጋ መዝገብ ነበር የያዝኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብን የሚመግበው የደም ቧንቧ ቢጠብም እንኳ ሰው ሲያርፍ የሚያልፈው ደም ይበቃል። ጠባብ መንገድ በአዘቦት ቀን ችግሩ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በገበያ ቀን ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ሆን ብለው ለልብ የገበያ ቀን ይፈጥሩላታል። ሮበርት ብሩስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሥርዓት ማሽኑ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና በመቶ 10 ዳገት ይጀምርና በየሦስት ደቂቃው ይፈጥናል፣ ይቀናል። ምርመራው ይበቃል የሚባለው በተለምዶ የልብ ምቱ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚገኘው ቁጥር 85 በመቶው ላይ ሲደርስ ነው። እኔ ያኔ 54 ዓመቴ ነበር፤ ቢያንስ 141 መድረስ ነበረብኝ። ከ104 በታች ስለሆነው ነገር ወረቀቱ እውነቱን ተናግሯል፤ ከዚያ በላይ ስላለው ግን ምንም አላለም። አንባቢ ልብ ይበል፣ ማሽኑ የለካው እግሬንና ክንዴን እንጂ ልቤን አልነበረም።

አካል ጉዳት የልብን ሕመም በሌላም መንገድ ይሸፍናል። ብዙ የማይንቀሳቀስ ሰው ሕመሙ የሚቀሰቀስበት ደረጃ ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ «ደረትህን ያምሃል?» ሲባል በሐቅ «አያመኝም» ይላል። ክራንች የሚይዝ ሰው ደግሞ ትከሻውና ክንዱ ሁልጊዜ ስለሚያመው ከልብ የሚመጣውን የክንድ ሕመም ከዚያ መለየት ይቸገራል። ህብለ ሰረሰሩ ከደረቱ ከፍ ብሎ የተጎዳ ሰው ጭራሽ የደረት ሕመም ላይሰማው ይችላል።

የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። በ1921 (እ.ኤ.አ.) ከያዛቸው ሕመም በኋላ እግራቸው ሽባ ሆነ። በ1944 መጀመሪያ ሲደክሙና ሲያስሉ የግል ሐኪማቸው አድሚራል ማክንታየር ጉንፋንና ብሮንካይትስ ነው ብለው ነበር፤ ማክንታየር ራሳቸው የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ነበሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሃዋርድ ብሩን የተባለ ወጣት የልብ ሐኪም ሲመረምራቸው የደም ግፊታቸው 186 በ108፣ ልባቸው የሰፋና የደከመ ሆኖ አገኘው። ዝርዝሩን ብሩን በጽሑፍ ያወጣው በ1970 ነው። ሩዝቬልት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በስዊዝ ቦይ በመርከብ ላይ ያነጋገሩት በየካቲት 1937 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁለት ወር ሳይሞላ በሚያዝያ በአንጎል ደም መፍሰስ ሞቱ። የዓለም ኃያል ሰው እንዲህ ከሆነ የግሼ ገበሬ እንዴት ሊሆን ነው?

ታዲያ እግር የማያስፈልገው ምርመራ አለ ወይ? አለ፤ እኔ ግን ጠይቄ ነው የደረስኩበት። የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የሚባለው፣ ተኝተው የሚነሱት ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ በር ለተበላሸባቸው ወጣቶች፣ በአገራችን ብዙ ናቸው፣ ዋናው ምርመራ ይኸው ስለሆነ በዚያ በኩል እግር ጉዳይ አይደለም። ለደም ቧንቧ መጥበብ በእጅ የሚዘወር ፔዳል አለ፤ ነገር ግን ክንድ ከእግር ያነሰ ጡንቻ ስላለው ልብን የሚፈለገው ደረጃ ላይ ሳያደርስ ይዝላል፣ ያውም የእኔ ክንድ ቀኑን ሙሉ እንደ እግር ሲሠራ የዋለ ነው። ልብን በመድኃኒት ማስሮጥ ሌላው መንገድ ነው። ዶቡታሚን የሚባለው መድኃኒት በደም ሥር በየሦስት ደቂቃው እየተጨመረ ሲሰጥ ልብ ዳገት የወጣች ያህል ትመታለች፤ ሐኪሙም በኢኮ የትኛው ግድግዳዋ ሰነፍ እንደሆነ ያያል። ልብ ምት ይረብሻል፣ አንዳንዴም ከባድ ችግር ያመጣል፤ ስለዚህ ሐኪምና የድንገተኛ ዕቃ አጠገብ ሳይኖር አይሰጥም። የደም ቧንቧን የሚያሰፉ እንደ አዴኖሲን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። እነርሱ ለአስም በሽተኛ አይመከሩም፤ ከዋዜማው ጀምሮም ቡና ክልክል ነው፣ ቡና ሥራቸውን ስለሚያከሽፍ።

በሲቲ ስካን ቧንቧውን በቀጥታ ማየትም ይቻላል። እዚህ ላይ ለእኛ አንድ ወጥመድ አለ። የሚረጨው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ክሬአቲኒን ይለካል። ክሬአቲኒን ደግሞ የሚመጣው ከጡንቻ ነው፤ ጡንቻው የመነመነ ሰው ኩላሊቱ ደክሞ እንኳ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ይህንን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ነው።

ሁሉም ሰው ይመርመር ማለቴ አይደለም። ምልክት የሌለውንና ለልብ ሕመም ብዙም ያልተጋለጠን ሰው በኢሲጂ ወይም በሩጫ ማሽን መመርመር ጥቅም የለውም ሲል የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በ2018 (እ.ኤ.አ.) መክሯል፤ የሐሰት ጥርጣሬ ሰውን ሳያስፈልገው ወደ ካቴተር ይመራዋልና። ስለዚህ ወረቀቱን ከመቀበሌ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ የነበረብኝ ይህን ነው፦ ይህ ምርመራ ቢያገኝብኝ ምን ያደርጉልኛል? ባያገኝብኝስ ማመን እችላለሁ? ሁለተኛው ጥያቄ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእኔ ይከብዳል።

ሕጉም በዚህ ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምና ምርመራን እምቢ የማለት መብት ይሰጠዋል። እምቢ ማለት ግን ምርጫ የሚሆነው ሌላ የሚመጥን ምርመራ ቀርቦለት ከሆነ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 25 ለሌላው ከሚሰጠው እኩል ጥራት ያለው የጤና አገልግሎት፣ በነጻና በበቂ መረጃ ላይ በተመሠረተ ፈቃድ እንዲሰጥ ያዛል። እኔ በዚያ ማሽን ላይ የወጣሁት ፈቅጄ ነው፤ መረጃው ግን አልነበረኝም።

ወደ ሌላ ሐኪም ሄጄ ይህንኑ ስነግረው ሳቀና በዶቡታሚን እንዲሠራልኝ አዘዘ። መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ ክብደቴ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው በኪሎ ተሰልቶ ነው። ያለ ክራንች ሚዛን ላይ መቆም ስለማልችል ከነክራንቼ ተመዘንኩ፣ ከዚያ ክራንቾቹ ለብቻቸው ተመዝነው ተቀነሱ። ቀላል ነገር ነው፤ ሆኖም ከዚያ በፊት በሄድኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ክብደቴ በግምት ነበር የሚጻፈው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰውም ከነወንበሩ ሊመዘን ይችላል። የልቤ ምት 143 ሲደርስ ያ የራቤል ዳገት ላይ የያዘኝ ነገር መጣ፤ በስክሪኑም ላይ የፊት ግድግዳዋ ሲዘገይ ታየ። ከዚያ በኋላ የተከተለው የካቴተር ምርመራና መድኃኒት ሌላ ታሪክ ነው።

ወሬው ራቤል ሲደርስ አንድ እግሩን በጦርነት ያጣው የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔስ ልምጣ?» አለኝ። ደረቱን አያመውም፣ ዳገትም ሲወጣ ምንም አይለውም። ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቆሰሉ አሜሪካውያን ላይ የተደረገና በ1980 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እግራቸው ከፍ ብሎ የተቆረጠባቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ቁስለኞች ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ዝም በል ልለው አልቻልኩም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ደግሞ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነበር። መጀመሪያ እዚያው የደም ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ አልኩት። ስኳሩ ደህና ነው፤ የላይኛው ግፊቱ 170 ሆኖ ተገኘ። አሁን በየወሩ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ስደውልለትም ከሰላምታው አስቀድሞ ቁጥሩን ይነግረኛል። ባለፈው ጊዜ 134 ነበር።