ከስዊድን መኪና ገዝቶ በሕጋዊ መንገድ ሆልምሊያ ማድረስ

በስዊድንና በኖርዌይ ድንበር ስቪነሱንድ ድልድይ ላይ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም፤ ሁለቱም አገሮች ሸንገን ውስጥ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች፣ ከጎተንበርግ የምታመጡት መኪና ጉምሩክ ያያታል።

ለሌሊት ተራዬ መኪና ስፈልግ እዚያ የሚኖረው ያክስቴ ልጅ «እዚህ ይረክሳል» አለኝ። ይረክሳል፤ ግን ዋጋው ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሩበት። ከዚያ የአንድ ጊዜ የምዝገባ ግብር ይመጣል፤ እሱ በመኪናው ክብደትና በሚያወጣው ጭስ ይሰላል፣ እንደ ዕድሜው ይቀነስለታል። ከባድ የናፍጣ መኪና ጉድ ነው የሚሠራችሁ! የግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ማስያ ስላለ ቀብድ ሳትከፍሉ አስሉት።

ሌላው ጉዳይ ታርጋው ነው። ኖርዌይ ነዋሪ የሆነ ሰው የስዊድን ታርጋ ያለው መኪና እዚህ እንደፈለገ መንዳት አይችልም፤ የዘመድም ቢሆን። ስለዚህ ሳትነሱ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጊዜያዊ የመንዳት ፈቃድ ጠይቁ (መንጃ ፈቃድ ማለቴ አይደለም)። ኢንሹራንስም ግቡ። ድንበሩ ላይ ቀዩን መስመር ይዛችሁ የሽያጭ ውሉንና ሊብሬውን አሳዩ። በአረንጓዴው ሹልክ ማለት ኮንትሮባንድ ነው።

ፈቃዱ ካልደረሰላችሁ ተጎታች ላይ ጭኖ ማምጣት ይቻላል፤ ያኔም ቀዩ መስመር አይቀርም። ከዚያ እስከ ሆልምሊያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንገድ ባለሥልጣኑ መርምሮ፣ ግብሩ ተከፍሎ የኖርዌይ ታርጋ እስኪወጣላት ድረስ ግን ከፈቃዱ ቀን አሳልፋችሁ አትንዷት።