«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

በሰንዳፋ፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ መንገድ ዳር ባለ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ላፕቶፕነቱ በስም ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም እዚያው ድርግም ይላል። መብራት ሲመጣ ቁልፉ ይጫናል፤ የአምራቹ አርማ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይግተለተልና በመጨረሻ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃል በቅንፍ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። ጠጋኝ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አጭር ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»።

ፎርማት ግን የተማሪውን መመረቂያ ጽሑፍም የደንበኛውን ውልም ይዞ ይሄዳል። ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የተጫነበት ማሽን አልነሳ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ ደህና ናቸው፤ የተበላሸው ወደ እነሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። የአንድሮይድ ስልኮች እምብርት ሊኑክስ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የመጡት ነጭና አረንጓዴ ኤክስኦ ላፕቶፖችም የሚሠሩት በእሱ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው አሮጌ ማሽኖች ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ቢጫኑባቸው ገና ያገለግላሉ።

ላፕቶፕ የሚነሳው በቅብብሎሽ ነው። ባዮስ የተባለው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነቅቶ ግረብ ለተባለው አስነሺ ፕሮግራም ያስረክባል፤ ግረብ የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ይጭናል፤ ከርነሉ ኢኒትራምኤፍኤስ በተባለ ጊዜያዊ ሥርዓት ታግዞ ሃርድ ዲስኩን ይከፍታል። ስለዚህ የት ላይ እንደቆመ ማየት የምርመራው ግማሽ ነው። «ግረብ ሬስኪው» ካለ፣ ግረብ የራሱን ፋይሎች ማግኘት አቅቶታል ማለት ነው፤ የዲስኩ ክፍልፋዮች ሲነካኩ የሚመጣ ጣጣ ነው። እምቢታው አፕዴት ከተደረገ በኋላ ከሆነ ደግሞ፣ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጭኖ የግረብን ዝርዝር ማውጣትና የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ነው፤ ኡቡንቱ አሮጌውን ወዲያው አይጥለውም።

መብራት ያመጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ኢኒትራምኤፍኤስ ላይ ነው። ኤክስት 4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል አያያዝ ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ፣ ድንገት ቢቋረጥም ራሱን ማቃናት ያውቅበታል። ሲያቅተው ነው ቆሞ ሰው የሚጠብቀው። የታመመውን ክፍልፋይ ስም እዚያው ስክሪኑ ላይ ይጽፈዋል፤ «ኤፍኤስሲኬ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል መጻፍ፣ ያንን ስም ማስከተል፣ ለሚደረድረው ጥያቄ ሁሉ እሺ ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ከሆነ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ወይም የንባብ ስህተት የሚናገሩ መስመሮች ከተደጋገሙ፣ ጥገናው ራሱ ዲስኩን ሊጨርሰው ይችላል። ያኔ በፍላሽ ላይ በተዘጋጀ ኡቡንቱ ማስነሳት፣ «ኢንስቶል» ሳይሆን «ትራይ» የሚለውን መምረጥና ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል። ይህን ሳይሞክር ፎርማት የሚል ጠጋኝ ቸኩሏል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥራት ጥፋተኛም አለች፤ ሲአር 2032 የምትባለው፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ፣ ማሽኑ ከመብራት ሲነቀል ቀንና ሰዓት የምትጠብቀው እሷ ናት። ትልቁ ባትሪ ሞቶ እሷም ከደከመች ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል (የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ነው የሚዘገየው፤ ይሄኛው ከዚያም ሊያልፍ ይችላል)። የዲስክ መርማሪው ዲስኩ መጨረሻ የተጻፈበት ቀን ገና ያልመጣ መስሎ ስለሚታየው፣ አንዳንዴ ሰው ካልመጣ አልቀጥልም ይላል። ማሽኑ ቢነሳ እንኳ ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹን የደህንነት ሰርተፍኬት ቀኑ ያልደረሰ አድርጎ ስለሚቆጥረው ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስላል። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ማስተካከል ለዕለቱ ይበቃል፤ ቻርጀሩ እንደገና ሲነቀል ግን ያው ነው፣ መቀየር አለባት። በአንዳንድ ላፕቶፖች በፕላስቲክ ተጠቅልላ በስስ ሽቦ ስለምትያያዝ፣ አዲሷ ከመገዛቷ በፊት አሮጌዋን ፈትቶ የሽቦዋን ሶኬት ማየት ያስፈልጋል።