ፖዘቲቭ ሁሉ አንድ አይደለም!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ጡት ነው። አትሳቁ! ቁም ነገር ነው።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ከአንድ ሰሀን ስንበላ ነው የኖርነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ታዲያ ድንገት ሰሀኗን ለየች። ብርጭቆዋንም ለየች። ልስማት ስጠጋ ፊቷን ታዞራለች። «አክስቴ፣ ምን አስቀየምኩሽ?» ስላት «ምንም፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው» ትለኛለች። ጉንፋን ሁለት ወር ሙሉ?

አንድ ቀን አልጋዋን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ብዙው አልገባኝም፤ አንዲት ቃል ግን ዓይኔን ያዘችው። «ፖዘቲቭ» ትላለች። ያውም ሁለት ቦታ!

በእኛ ከተማ «ፖዘቲቭ» ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጉልበቴ ከዳኝ። ለካ እሷም የገባት እንደዚያው ኖሯል። (ኤች አይ ቪስ ቢሆን በሰሀን ይተላለፋል እንዴ? ፍርሃት ግን መች ይጠይቃል!) ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ ለማንም ሳትናገር ተመርምራለች። ናሙናም ተወስዶላታል። ወረቀቱን የሰጣት ሰው «ለዶክተር አሳዪው» ብሏት ዝም። እሷ ደግሞ ያቺን ቃል ካየች በኋላ ወደ ዶክተር የሚወስድ እግር አጣች። ሁለት ወር እንዲሁ ባከነ።

እየጎተትኩ ወሰድኳት። ዶክተሯ ወረቀቱን አንብበው ቀና አሉና «እትዬ፣ ይሄ ፖዘቲቭ እርስዎ የፈሩት ፖዘቲቭ አይደለም። እብጠቱ ካንሰር ነው፤ አልዋሽዎትም። ፖዘቲቭ የተባለው ግን የሆርሞን ተቀባዩ ነው» አሏት።

እኔም አላስችል አለኝና «ይሄ ተቀባይ የሚሉት ነገር እኔም ጡት ውስጥ ይኖር ይሆን?» ብዬ ጠየቅኩ። ሳቅ አሉ። «ባይኖርሽማ ጡት መች ታወጪ ነበር!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በደም ተጉዞ ጡት ይደርሳል። መልእክቱን የሚሰማው ግን ተቀባይ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። በጤነኛ ጡት ውስጥ የወተት ቱቦዎችን ከሸፈኑት ሕዋሳት መካከል ተቀባዩ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የሚገርመው፣ እነሱ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ አይራቡም። ሥራቸው እንደ እድር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ መልእክቱን ተቀብለው ለጎረቤት ያሰማሉ። ተነስቶ የሚራባው ጎረቤት ነው። በብዙ የጡት ካንሰር ላይ ግን ይህ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ጥሩምባ ነፊው ራሱ መራባት ይጀምራል። ከአሥር የጡት ካንሰሮች ወደ ሰባቱ የሚጠጉት እንዲህ ተቀባይ ያላቸው ናቸው።

«ታዲያ ጤነኛ ጡት ላይ ተቀባዩ ከበዛ አደጋ ነው?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ካንሰር በያዛቸው ሴቶች ጤነኛው የጡት ክፍል ላይ ተቀባዩ በዝቶ የመታየት ዝንባሌ እንዳለ አሳይቷል። ይህ ግን ለተመራማሪ ፍንጭ ነው እንጂ ለእኔና ለእናንተ ፍርድ አይደለም። «ተቀባዬን ለኩልኝ» ብላችሁ ክሊኒክ እንዳትሰለፉ!

እንዲያውም «ፖዘቲቭ» በዚህ በሽታ ላይ ለሕክምና በር ይከፍታል። ታሞክሲፌን የተባለው ኪኒን ተቀባዩን ቀድሞ ይይዝና ኢስትሮጅንን ከደጅ ያስቀረዋል። እዚያው 1998 ላይ፣ አደጋቸው ከፍ ያለ 13,388 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ኪኒኑ በጡት ካንሰር የመያዝን አደጋ በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። የቀነሰው ግን ተቀባይ ያለውን ዓይነት ብቻ ነው። ኪኒኑ የደም መርጋትና የማሕፀን ካንሰር አደጋም ስላለው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ «የአፍሪካ ሴቶች ካንሰር ባብዛኛው ተቀባይ የለውም፤ ኪኒኑ አይሠራላቸውም» የሚል ግምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ከመቶ ወደ 65 የሚሆኑት ተቀባይ እንዳላቸው አሳየ። አክስቴም ከእነዚህ ወገን ሆነች።

እህቶቼ፣ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ዝምታ አይደለም። ካንሰር ብዙ ጊዜ ሲጀምር አያምም። እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካያችሁ «አላመመኝም» ብላችሁ አትቀመጡ። ወንድሞቼ፣ እናንተም እናታችሁን ጠይቁ። የማይገባችሁን ወረቀትም ፍራሽ ሥር አትደብቁ፤ ይዛችሁ ሂዱና «ምን ማለት ነው?» በሉ።

አክስቴ ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም ጨርሳ አሁን ኪኒኗን እየዋጠች ነው። «አምስት ዓመት ትወስጃለሽ» ተብላለች። መንገዱ ገና አላለቀም። ሰሀናችን ግን ተመልሶ አንድ ሆኗል። ትናንት ያጎረሰችኝ ጉርሻ እስካሁን ጉሮሮዬን አልለቀቀም!

በሉ፣ ሳምንት ሰው ይበለን!