ከማሳ ወደ ፖሊሲ፦ ሚዛን የያዘ ምስክርነት

አንድ ገበሬ «ዘንድሮ ማሳዬ ሰመረልኝ» ብሎ ቢመሰክር ጎረቤቱ ያምነዋል፤ የግብርና ቢሮ ግን በምስክርነት ብቻ መመሪያውን አይለውጥም። በልማት ሥራ የተሰማራን ሁሉ ይህን ክፍተት እናውቀዋለን። ለትርፍ ያልተቋቋመ የጥናት ተቋም ክፍተቱን እንዴት እንደሚሞላ ለማስረዳት፣ በዚህ እትም የአገራችንን የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ሥራ በአጭሩ እናቀርባለን።

የኢንስቲትዩቱ ስም ከሥነ ዕፅዋት ሊቃውንቱ ከዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ከትግራይ ግብርና ቢሮ፣ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲና ከየአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር ተባብሮ በ4 የገጠር መንደሮች ሥራ ጀመረ። ችግሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር። መሬቱ ተራቁቷል፤ ፍጉ ኩበት ሆኖ ከምድጃ ይገባል፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። ዝናብ ባጠረ ጊዜ አዝመራው ይጠፋል፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ታዲያ ኮምፖስት ይህን ቀንበር ያቀልል ይሆን?

መልሱ የተፈለገው በሚዛን ነው። ኮምፖስት የተጨመረበት፣ የፋብሪካ ማዳበሪያ የተጨመረበትና ምንም ያልተጨመረበት ማሳ ተነጻጸሩ። በመከር ጊዜ ከየማሳው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ 3 ቦታዎች ተለክተው ታጨዱ፤ ሰብሉም ተወቅቶ ፍሬውና ገለባው ለየብቻ ተመዘነ። በአብዛኛዎቹ ሰብሎች ከኮምፖስቱ ማሳ የተገኘው ምርት ምንም ካልተጨመረበት እጥፍ ያህል ሆነ፤ ከፋብሪካ ማዳበሪያውም አላነሰም። ምክንያቱም የበሰበሰው ብስባሽ አፈሩን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ያቆያል፤ ጥቅሙም በአንድ ክረምት አያልቅም።

ይሁን እንጂ ኮምፖስት ያለ ድካም አይገኝም፤ ጉልበት፣ ውኃና ቅጠላ ቅጠል ይፈልጋል። ልቅ ግጦሽ ባልተገታበት መንደር ሣሩም ቅጠሉም አይተርፍም። ስለዚህ ነዋሪዎቹ ግጦሽን የሚገድብ የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ የግብርና ቢሮውም የኮምፖስት ዝግጅትን በኤክስቴንሽን አገልግሎቱ ውስጥ አካተተው። ከማሳ የተነሣው ውጤት ወደ ፖሊሲ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ዶክተር ተወልደ ይኸንኑ የገበሬውን ጥቅም ይዘው ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በጸደቀው የካርታኼና የሥነ ሕይወት ደኅንነት ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካ አገሮችን ድምፅ አሰምተዋል።

ከዚህ ለእኛ የሚተርፈን ትምህርት አለ። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርታችን ስንት ሰው እንደ ሠለጠነ፣ ስንት ችግኝ እንደ ተተከለ እንጽፋለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ችግኝ እንደ ጸደቀ፣ የሠለጠነው ገበሬ ጎተራ ምን ያህል እንደ ሞላ ግን ሁልጊዜ አንመዝንም። ያልመዘንነውን ሥራ ሌላው እንዲቀበለው መጠየቅ አንችልም። እንግዲህ ወደ መስክ ስንወርድ ከመዝገባችን ጋር ሚዛንም እንያዝ።