የልጆች የሆድ ድርቀትና የአንጀት ባክቴሪያዎች



ውድ አንባቢያን! ልጅዎ ጥግ ይዞ፣ እግሮቹን አጣብቆ፣ ፊቱ ሲቀላ አይተው ያውቃሉ? ብዙ ወላጆች ይህን ሲያዩ ልጁ ለመፀዳዳት እያማጠ ይመስላቸዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ልጁ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ከዚህ በፊት ስላመመው ፈርቶ የመጣበትን ሰገራ እየያዘ ነው። በያዘው ቁጥር አንጀቱ ከሰገራው ውስጥ ውኃውን ይመጣል፤ ሰገራውም ይበልጥ ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የባሰ ያመዋል።

አንድ ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ ያነሰ ከተፀዳዳ፣ ሰገራው ከደረቀና ሲወጣ የሚያመው ከሆነ የሆድ ድርቀት ሊኖርበት ይችላል። የሆድ ድርቀት ካለባቸው 100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት አንጀታቸው ላይ ሌላ በሽታ አይገኝም። ታዲያ ችግሩ ከየት መጣ? ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከሚፈልጉባቸው ቦታዎች አንዱ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው።

ባክቴሪያዎቹ ምን ይሠራሉ?

እንደሚታወቀው ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ አምጪ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በትልቁ አንጀታችን ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች እንዲኖሩ አድርጓል። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የምናገኘውን ፋይበር ሆዳችን በራሱ መፍጨት አይችልም። እርሾ ሊጥን እንደሚያቦካ ሁሉ እነዚህ ባክቴሪያዎችም ፋይበሩን ያብላሉታል። ከዚህም ቡታይሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል፤ እርሱም የአንጀት ግድግዳን ሕዋሳት ይመግባል።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

በ1998 በጣሊያን፣ በ2014 በአሜሪካ፣ በ2016 ደግሞ በኔዘርላንድስ የወጡ ጥናቶች የሆድ ድርቀት ያለባቸውን ልጆች ከጤነኞቹ ጋር አወዳድረዋል። በሦስቱም የባክቴሪያዎቹ ስብጥር የተለያየ ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካው ጥናት የተደረገው ከመጠን በላይ ክብደት ባላቸው ልጆች ላይ ሲሆን፣ ድርቀት ባለባቸው ልጆች ላይ ፕሪቮቴላ የተባለው ባክቴሪያ ቀንሶ ታይቷል።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ድርቀት የሚመጣው «ጥሩ ባክቴሪያ» ሲያንስ ይመስለናል። ሆኖም በማስታወቂያ የሚወደሰው ቢፊዶባክቴሪየም በአሜሪካዎቹ ልጆች ላይ አልቀነሰም፤ በጣሊያኖቹ ላይ እንዲያውም በዝቶ ነበር። ከዚህም በላይ ሰገራ በአንጀት ውስጥ ብዙ ቀን ሲቆይ ባክቴሪያዎቹን ራሱ ሊለውጣቸው ይችላል። ስለዚህ ልዩነቱ የድርቀቱ መንስኤ ይሁን ውጤቱ ገና አልተለየም።

በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት በኔዘርላንድስና በፖላንድ ለ159 ልጆች ይህን ባክቴሪያ የያዘ የረጋ ወተት ወይም የሌለበትን ለሦስት ሳምንት ሰጥቶ ነበር። በሁለቱ መካከል አሳማኝ ልዩነት አልተገኘም። በመሆኑም ባክቴሪያ የተጨመረበትን ውድ ምርት ገዝቶ መድኃኒት አገኘሁ ማለት አይቻልም።

ቡርኪና ፋሶና ፍሎረንስ

በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ገጠር ማሽላና ዳጉሳ መሰል እህል፣ ጥራጥሬና አትክልት የሚመገቡ ልጆችን ከጣሊያን ፍሎረንስ ልጆች ጋር አወዳድሯል። ጥናቱ ስለ ድርቀት አልነበረም። ነገር ግን የአፍሪካውያኑ ልጆች ፋይበር በብዛት ይመገቡ ነበር፤ በአንጀታቸውም ፕሪቮቴላ በብዛት ተገኝቷል። በአንጀታችን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በማዕዳችን ላይ ካለው ምግብ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ወላጆች ምን እናድርግ?

• የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፓፓያና ብርቱካን ከልጅዎ ማዕድ አይጥፉ። ተምርንም ለረመዷን ብቻ አንተወው። በነጭ ዳቦ፣ በብስኩትና በጣፋጭ ሻይ የሚጠግብ ልጅ ፋይበር የሚያገኝበት ቦታ የለም። ወተትም ቢሆን ከልክ ሲያልፍ ሌላውን ምግብ ያስተወዋል። ፋይበሩን ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ውኃም ይጠጣ።

• ከምግብ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሽንት ቤት ይቀመጥ። እግሩ ከተንጠለጠለ መርገጫ ያድርጉለት።

• ሰገራ መያዝ እንደሌለበት ያስተምሩት። ሐጃው ያስጨነቀው ሰው አስቀድሞ ተፀዳድቶ ከዚያ ሶላቱን እንዲሰግድ ዲናችን ያስተምረናል። ለሶላት እንዲህ ከሆነ፣ በመድረሳና በትምህርት ቤት «ቆይ፣ ትምህርቱ ይለቅ» የምንለው በምን ምክንያት ነው? ኡስታዞችና መምህራን ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው።

• ሱሪውን የሚያቆሽሸውን ልጅ አይምቱ፤ አያሸማቅቁትም። የደረቀ ሰገራ አንጀቱን ሲዘጋው ቀጭኑ በጎን እየፈሰሰ ይወጣል። ልጁ አይታወቀውም። ተቅማጥ ነው ብለው የማቆሚያ መድኃኒት እንዳይሰጡትም ይጠንቀቁ።

• ሳሙና ማስገባትና ኮሶ ማጠጣት ይቅር። ማር ሺፋ ቢሆንም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላል።

አንዴ የተጠራቀመን ደረቅ ሰገራ ምግብ ብቻውን አያስወጣውም። ሐኪም እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ ሊያዝ ይችላል። ልጁ ሲሻለው ወዲያው አያቋርጡት፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው፣ ትኩሳት ወይም ደም ከታየ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ወይም ድርቀቱ በተወለደ በመጀመሪያው ወር ከጀመረ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ውድ አንባቢያን! ልጆቻችን አማናዎቻችን ናቸው። ስለ ሆዳቸው ሳያፍሩ እንዲነግሩን የምናደርጋቸው እኛው ነን። ዛሬ ማታ ልጅዎን ቀስ ብለው ይጠይቁት፤ ምናልባት ለወራት ደብቆት ይሆናል።

አላህ ልጆቻችንን ጤነኞችና ሷሊሆች ያድርግልን። አሚን!